የይቅርታ ክፍል ኃላፊ

ወዳጄ ሱቅ መክፈቱን ሲነግረኝ ፊቱ በርቶ ነበር።

«የት ነው?» አልኩት።

«የትም።»

«ምን ትሸጣለህ?»

«እሱን ገና አልወሰንኩም።»

ሱቁ ግን ኮምፒውተሩ ላይ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ስም አለው፤ ዓርማ አለው፤ ከአናቱ ላይ «ዛሬ ብቻ! 70 በመቶ ቅናሽ!» የሚል ቀይ ጽሑፍ ብልጭ ድርግም ይላል። ዕቃው ሳይታወቅ ቅናሹ ከምን ላይ እንደተቀነሰ ብጠይቀው፣ የሰው ዕድገት ዐይኑን እንደሚያቃጥለው ምቀኛ አየኝ።

ነገሩ ድሮፕሺፒንግ ይባላል። ደንበኛው ከወዳጄ ሱቅ ያዝዛል፤ ለወዳጄ ይከፍላል። ወዳጄ የራሱን ድርሻ አስቀርቶ ትዕዛዙን ባሕር ማዶ ላለ አቅራቢ ያስተላልፋል፤ አቅራቢውም ዕቃውን አሽጎ በቀጥታ ወደ ደንበኛው ቤት ይልካል። ወዳጄ ዕቃውን አያከማችም፣ አይነካም፣ ብዙ ጊዜም በዐይኑ አያየውም። «ተኝቼ ሳለሁ ይሸጣል» አለኝ፣ የእንቅልፍ ሰው መሆኑን ስለማውቅ ለዚህ ሥራ የተፈጠረ መሆኑን አልተጠራጠርኩም። «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» የሚለው ተረት በሞኝ ለመሳቅ የተተረተ ነበር። ተራቹ ላሟን እዚያው ሰማይ ላይ ትቶ ወተቷን በቅድሚያ ክፍያ የሚሸጥ ሰው ይመጣል ብሎ አላሰበም።

እናቱ ከጎናችን ተቀምጠው ሲያዳምጡ ቆይተው አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁ።

«እሺ ልጄ፤ ዕቃው ተሰብሮ ቢደርስ የሚሰደበው ማን ነው?»

«እሱ ብዙ አያጋጥምም፣ እማዬ» አለና ወደ እኔ ዞረ። «አንተ ብዕርህ ይጥማል። የደንበኞቹን ደብዳቤ አንተ ትመልሳለህ፤ ትርፉን እንካፈላለን።»

ስለ ትርፉ እንጂ ስለ ስድቡ አከፋፈል አልተነጋገርንም።

ፍርደ ገምድል ላለመሆን፣ አሠራሩ በራሱ ማጭበርበር አይደለም፤ አዲስም አይደለም። ወዳጄ ዛፖስ የተባለውን የጫማ ድርጅት ታሪክ እንደ ውዳሴ ይደግመዋል። መሥራቹ ኒክ ስዊንመርን እ.ኤ.አ. በ1999 ሲጀምር ጫማ መደብሮች ውስጥ እየገባ ጫማዎቹን ፎቶግራፍ ያነሳ ነበር። ፎቶዎቹን ኢንተርኔት ላይ ይለጥፋል፤ ሰው ሲያዝዝ ተመልሶ ጫማውን ከመደብሩ በሙሉ ዋጋ ገዝቶ ይልካል። ወዳጄ ታሪኩን እዚህ ላይ ያቆመዋል። ቀጣዩ ክፍል ግን ይህ ነው፦ ድርጅቱ ከአምራቾች መጋዘን በቀጥታ ማስላኩን ለዓመታት ሲሠራበት ቆይቶ በ2003 እርግፍ አድርጎ ተወው፤ ያኔ ከሽያጩ ሩቡን ያህል ያስገባለት ነበር። ምክንያቱም በሰው መጋዘን ውስጥ ምን እንዳለና ምን እንዳለቀ በትክክል ማወቅ አልቻለም፤ ቅር የሚሰኘው ደንበኛ ደግሞ የእርሱ ነበር። አማዞን በ2009 የገዛው ዛፖስ የራሱ መጋዘን ያለው ዛፖስ ነው።

ከዚህም የባሰ ታሪክ አለ። ወዳጄ ሱቁን የተከራየበትን ሾፒፋይን የመሠረቱት ሰዎች በ2004 የተነሱት የበረዶ መንሸራተቻ ሰሌዳ በኢንተርኔት ለመሸጥ ነበር። የሚስማማቸው የሱቅ ፕሮግራም ስላጡ ራሳቸው ሠሩ፤ ከዚያም ሰሌዳውን ከመሸጥ ሱቁን መሸጥ እንደሚሻል ገባቸውና በ2006 ለገበያ አቀረቡት። ይህን ለወዳጄ ስነግረው «አየህ፣ በኢንተርኔት ይከበራል!» አለኝ።

በመጨረሻ ዕቃውን መረጠ፦ የጨረቃ ቅርጽ ያለው መብራት። ፎቶው ላይ አንድ ሕፃን በሁለት እጁ አቅፎት ፈገግ ይላል፤ ጨረቃዋ ከሕፃኑ ጭንቅላት ትበልጣለች። እውነት ለመናገር እኔም ወደድኩት።

ትዕዛዞች መምጣት ጀመሩ። ከትዕዛዞቹ ኋላ ደግሞ ደብዳቤዎች ተከተሉ። የመጀመሪያዎቹ ጨዋዎች ነበሩ፤ «ዕቃዬ የት ደረሰ?» ይላሉ። የመከታተያውን ገጽ ስከፍት «የጭነቱ መረጃ ደርሶናል» ይላል። በሳምንቱም «የጭነቱ መረጃ ደርሶናል።» በ19ኛው ቀንም ያው መረጃ ነው፤ ጭነቱ ግን የለም። ስለዚህ «ዕቃዎ በጉዞ ላይ ነው» የሚለውን ዓረፍተ ነገር በ11 ዓይነት መንገድ መጻፍ ተማርኩ። «ዕቃዎ ወደ እርስዎ በማቅናት ላይ ይገኛል» የሚለው የረጋ ነው። «ዕቃዎ የመጨረሻውን የጉዞ ምዕራፍ ሊጀምር ተቃርቧል» የሚለው ደግሞ ምንም እንዳልተንቀሳቀሰ ልብ ካላሉት በስተቀር ተስፋ ይሰጣል።

አንድ ደንበኛ እንዲህ ሲል ጻፈልን፦ «መብራቱን ያዘዝኩት ለባለቤቴ የልደት ቀን ነበር። የስንተኛው ዓመት ልደቷ እንደሆነ ግን አልነገርኳችሁምና ጥፋቱ የእኔ ሊሆን ይችላል።»

የደረሳቸው ደግሞ ባልደረሳቸው ኖሮ ብለው ተመኙ። አንዲት ሴት ፎቶ ላከችልን። ጨረቃችን ሾርባ ማንኪያ ውስጥ ተቀምጣለች፤ ከግራና ቀኝ ቦታ ተርፏታል። ወዳጄ «የተላከው ሌላ ዕቃ ነው!» ብሎ ፎከረና የአቅራቢውን ገጽ ከፈተ። ከፎቶዎቹ ሁሉ በታች፣ ሰው በማይደርስበት ጥግ፣ በደቃቅ ፊደል «ዲያሜትር 5 ሴንቲሜትር» ይላል። ባለሱቁ ራሱ አላነበበውም ነበር። እኔም ለሴትዮዋ የመለስኩላትን ደብዳቤ አልደግመውም፤ «የታመቀ ውበት» የሚል ሐረግ ነበረበት።

ዕቃውን መልሺልን እንዳንላት፣ የመመለሻው ወጪ ከመብራቱ ዋጋ ይበልጣል። ገንዘቧን ካልመለስን ለባንኳ ታመለክታለች፤ ባንኩ ገንዘቡን ከእኛ ነጥቆ መቀጮ ይጨምርበታል። እንዲህ ያለው አቤቱታ ሲበዛ የክፍያ አሳላፊው ድርጅት «ለደኅንነት» ብሎ ያለንንም ገንዘብ ለወራት ይይዘዋል። ስለዚህ መብራቱም ገንዘቡም የእርሷ ሆነ።

አንድ ምሽት ሂሳብ እንሥራ አልኩት። ከሸጥነው 100 ላይ አቅራቢው ከነማጓጓዣው 35 ይወስዳል፤ ማስታወቂያው 50፤ ክፍያ አሳላፊው 4። 11 ይቀረናል። «ክፉ አይደለም!» አለ። ከ10 ደንበኞች አንዱ ግን ገንዘቡን ያስመልሳል። ስለዚህ 1,000 ሸጠን፣ 890 ወጪ አድርገን፣ 100 መልሰን 10 ቀረን። ከዚያች 10 ላይ ደግሞ የሱቁ ወርሃዊ ኪራይ አለ። የትም ያልሆነ ሱቅ ኪራይ እንዳለው ያወቅሁት ያን ዕለት ነው።

አስተማሪው ይህን አልነገረውም ነበር። አዎ፣ አስተማሪ አለው፤ ውድ መኪና ተደግፎ የሚያስተምር ወጣት። በየሳምንቱ የገቢ ሰንጠረዡን ያሳያል፤ ሰንጠረዡ ሽያጭን እንጂ ትርፍን አያሳይም። የወጣቱን ንግድ ግን አደንቃለሁ። ትምህርቱ አይሰበርም፣ ጉምሩክ አይዘውም፣ ማንኪያ ውስጥ ገብቶ ፎቶ አይነሳም። እርሱ ላሟን ከነሰማዩ የሸጠ ሰው ነው።

ደግሞ የሚያስተምረው ያለፈውን ዘመን ነው። አንድ ወቅት መንገዱ በእርግጥ ለስላሳ ነበር። ማስታወቂያ ገዢውን አነጣጥሮ ያገኘው ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2021 አፕል የስልኩን ባለቤት «ይህ መተግበሪያ ይከታተልህ?» ብሎ ማስጠየቅ ሲጀምር ብዙ ሰው «አይከታተለኝ» አለ፤ ፌስቡክም ዐይኑ ፈዘዘ። ትንንሽ እሽግ ያለ ቀረጥ ያልፍ ነበር፤ የአውሮፓ ኅብረት ከ22 ዩሮ በታች ለሆነ ዕቃ የነበረውን የተጨማሪ እሴት ታክስ ነፃነት በዚያው ዓመት አነሳ፤ አሜሪካም እስከ 800 ዶላር የነበረውን የቀረጥ ነፃነት በ2025 በቅድሚያ ከቻይና ለሚመጣ ዕቃ፣ ከወራት በኋላ ለሁሉም አገር አስቀረች። አሊኤክስፕረስ ከተባለው የቻይና የኢንተርኔት ገበያ ዕቃ በአንድ ጠቅታ ወደ ሱቅ ያሻግር የነበረው ኦበርሎ የተባለ ፕሮግራም እንኳን በ2022 ተዘግቷል።

ዋናው ግን ይህ አይደለም። ደላላ የሚበላው ገዢና ሻጭ እስካልተዋወቁ ድረስ ነው። በ2022 ቴሙ የተባለው የኢንተርኔት ገበያ መጣና የፋብሪካውን ዕቃ በቀጥታ ለገዢው ዘረገፈለት። ስልክም ፎቶ አይቶ ያው ዕቃ የት እንደሚሸጥ መጠቆም ተማረ። አንዱ ደንበኛችን ያቺኑ ጨረቃ፣ ያንኑ ፎቶ፣ በሲሶ ዋጋ የሚሸጡ ስድስት ሱቆች አግኝቶ ላከልን። ከሥሩ የጻፈው አንድ መስመር ብቻ ነው፦ «ይህ ሕፃን ስንት ቦታ ነው የሚሠራው?»

ታዲያ ሞቷል ወይ? አልሞተም። ዌይፌር የተባለው የቤት ዕቃ ሻጭ ከ2002 ጀምሮ ሶፋና አልጋ በአብዛኛው ከአቅራቢዎቹ መጋዘን እያስላከ ትልቅ ድርጅት ሆኗል። ትንንሾችም አሉ፤ አንድ ዓይነት ዕቃ መርጠው፣ ናሙናውን በራሳቸው ገንዘብ አስመጥተው፣ ሰብረው ጠግነው ያወቁት፣ ለገዢው ቅርብ የሆነ አቅራቢ የያዙ፣ ፎቶውን ራሳቸው ያነሱ። ይህን ሁሉ ለወዳጄ ዘረዘርኩለት። በጥሞና አዳመጠኝና «ይህማ ሥራ ነው» አለ፤ ድምፁ ውስጥ የተከዳ ሰው ቅሬታ ነበረበት።

ሱቁን የዘጋነው በዚያው ወር ነው። ዘጋነው ስል አንድ ቁልፍ ተጫንን ማለቴ ነው። የቀሩትን ደብዳቤዎች ስመልስ ከሁሉም ታጋሽ የነበረች አንዲት ደንበኛ ትዝ አለችኝ፤ ሁለት ወር ሙሉ ስድብ አልወጣትም፣ ገንዘቧንም አልጠየቀች። «ክብርት ደንበኛችን» ብዬ አምስተኛውን ይቅርታ፣ ከጻፍኳቸው ሁሉ የሚያምረውን፣ ላክሁላት። መልሱ በማግስቱ መጣ። ለካ የወዳጄ እናት ናቸው፤ ልጃቸውን ሊያግዙ በእህታቸው ስም አዝዘው ኖሯል።

«መብራቱ ይቅር፣ ልጄ» ይላል ደብዳቤው። «ይህን ይቅርታ የሚጽፍልህ ልጅ ግን ቃሉ ያምራል። እባክህ ሥራ ፈልግለት።»