የዕዳ ሽግሽግ በእኛ ቤት

የመንግሥት የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ቀን ይጀምራል። የእኛ ቤት የበጀት ዓመት የሚጀምረው ባለሱቁ የዱቤ ደብተሩን ገልጦ ጉሮሮውን በጠረገ ዕለት ነው። ሰውየው ጨዋ ነው፤ "ክፈሉኝ" የሚል ቃል ከአፉ ወጥቶ አያውቅም። "ጋሼ፣ ይህች ገጽ ሞልታለች፤ ወደሚቀጥለው ልሻገር ወይስ እዚሁ እንዝጋት?" ይላል። እንዲህ ያለ ሰው በየሰፈሩ አንድ አይጠፋም። የአካባቢውን ሕዝብ ገመና በአንድ ባለ 50 ሉክ ደብተር ይዞ፣ ለማንም ሳይተነፍስ፣ በሳሙናና በሻማ መካከል ተቀምጦ የሚኖር።

ያን ዕለት ማታ ልጆቹ ከተኙ በኋላ ጉባኤ እንቀመጣለን። ባለቤቴ ወረቀትና እስክሪብቶ ትይዛለች፤ እኔ በረጅሙ እተነፍሳለሁ። ዕዳችንን ልክ እንደ ገንዘብ ሚኒስቴር "የአገር ውስጥ" እና "የውጭ" ብለን ከፍለነዋል። የአገር ውስጡ ባለሱቁ፣ የመሥሪያ ቤቱ የቁጠባና ብድር ማኅበር፣ ዕጣው ቀድሞ ስለወጣልን እስኪያልቅ ድረስ ዝም ብለን የምንከፍለው ዕቁብ፣ ከዚያም ስልኩ ነው። የውጭ አበዳሪያችን አንድ ሰው ብቻ ነው፤ አሜሪካ ያለው የባለቤቴ ወንድም። 500 ዶላር ሲልክልን "ስትችሉ ትመልሳላችሁ" ብሎ ነበር። ያን ጊዜ አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር አካባቢ ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪው ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ተደረገና በሳምንታት ውስጥ ከመቶ ብር ተሻገረ። እንግዲህ የተበደርነው ዶላር ነው ወይስ ብር? ይህን ጥያቄ በቤታችን እስካሁን ደፍሮ ያነሣ የለም። ወንድምየው ሲደውል ስለ አየሩ እንጠይቀዋለን። የሜሪላንድን የአየር ጠባይ ከእኛ በላይ የሚያውቅ ቤተሰብ አዲስ አበባ ውስጥ ያለ አይመስለኝም።

መቸም አገርም ይቸገራል። ኢትዮጵያ በ2013 ዓ.ም. ባለዕዳ አገሮች ከአበዳሪዎቻቸው ጋር በሚደራደሩበት የቡድን 20 የጋራ ማዕቀፍ በኩል የዕዳ ሽግሽግ ጠይቃ ለዓመታት ስትደራደር ቆይታለች፤ በታኅሣሥ 2016 ደግሞ የ33 ሚሊዮን ዶላር የቦንድ ወለድ ሳትከፍል ቀርታለች። ባለቤቴ ይህን በሬዲዮ ሰምታ "አገር እንኳ ከተሸጋሸገ እኛ ምን ይዞን ነው?" አለችኝ። ሐሳቡ ደስ አለኝ። ሱቁ ድረስ ሄጄ ስለ እፎይታ ጊዜ፣ ስለ መክፈያ ዘመን መራዘም፣ በቅን ልቦና ላይ ስለሚመሠረት ድርድር በሰፊው አብራራሁ። ባለሱቁ ራሱን እየነቀነቀ በትዕግሥት ካዳመጠኝ በኋላ "መልካም ነው ጋሼ፤ ድርድሩ እስኪያልቅ ዘይቱ በጥሬ ገንዘብ ይሁና" አለኝ።

ስለዚህ ወደ ወጪ ቅነሳ ገባን።

ስለ ገንዘብ አያያዝ የሚመክሩ ሰዎች የሚወዱት አንድ ቀመር አላቸው። ከገቢህ 50 በመቶውን ለግድ አስፈላጊው ነገር፣ 30 በመቶውን ለምትመኘው፣ 20 በመቶውን ለቁጠባና ለዕዳ አድርግ ይላሉ። ቀመሩን ያወጣው ሰው የአክስት ልጅ እንደሌለው ግልጽ ነው። ከደመወዜ 7 በመቶ ለጡረታ ተቀንሶ፣ ግብሩ ተቆርጦ፣ የቁጠባ ማኅበሩም ድርሻውን አንሥቶ የተረፈውን 50፣ 30፣ 20 ብዬ ስከፋፍለው ሦስቱም ተያይዘው ወደ ቤት ኪራይ ይሄዳሉ። ከግብር ነፃ የሆነው የደመወዝ መጠን ከ600 ወደ 2,000 ብር ከፍ ያለ ጊዜ ቤታችን ደስ ብሎት ነበር። ጭማሪው ግን ቤት ሳይገባ መንገድ ላይ ሠርግ ተጠራ።

ቢሆንም ቆረጥን። ስንቆርጥም አንድ ሕግ እንዳለን ታዘብኩ። ማንም አልጻፈውም፣ ማንም አልተወያየበትም፣ ግን ሁላችንም እናከብረዋለን፤ የሚቆረጠው ሰው የማያየው ወጪ ብቻ ነው።

መጀመሪያ ፍራፍሬው ቀረ። ከእንግዶቻችን መካከል ቤታችን ገብቶ "ብርቱካናችሁ ወዴት አለ?" ያለ የለም። ቀጥሎ ወተቱ፣ ከዚያ እንቁላሉ ሄደ። የጥርስ ሐኪሙ ቀጠሮዬም ተቆረጠ፤ የሚያመኝ መንጋጋ ከኋላ ስለሆነ ስስቅ አይታይም። ጫማዬ ከውስጥ በካርቶን የተደገፈ ነው፤ ላዩ ግን በየማለዳው በሊስትሮ ተወልውሎ ያበራል። የሊስትሮውን ወጪ ለመቀነስ ሐሳብ ያቀረበ ሰው የለም። የመጋረጃውም ነገር እንዲሁ ነው፤ ወደ መንገድ የሚያየው መስኮት አዲስ መጋረጃ አለው፣ ወደ ጓሮ የሚያየው አሮጌ አንሶላ ተጋርዶበታል።

ቡናችንንም ለብቻችን ስንሆን ያለ ስኳር እንጠጣለን። ልጆቹ ሲጠይቁን "ለጤና ነው" እንላቸዋለን፤ ጎመን በጤና ያለ አባት ያወረሰን መልስ ነው። የጎረቤት ድምፅ በር ላይ ሲሰማ ግን ስኳሩ ከተደበቀበት ብቅ ይላል፣ ፈንዲሻው ይንጣጣል። እንግዳዋ ሁለት ማንኪያ ጨምራ ሦስተኛውን ስታነሣ ባለቤቴ ፈገግ ብላ "ጨምሪ እንጂ፣ ምን ሆነሻል!" ትላታለች። እኔ ይህን ፈገግታ አውቀዋለሁ።

በጾም ነገር ብዙ ተስፋ አድርጌ ነበር። የዐቢይ ጾም 55 ቀን ቤተ ክርስቲያንም የምታዝዘው፣ ሰውም የማይታዘበው የወጪ ቅነሳ ነው። ክርስቲያን ሆኖ ሥጋ ያልገዛን ሰው ማን ድሃ ይለዋል? እንዲያውም መንፈሳዊ ይባላል። ችግሩ ሃምሳ አምስቱ ቀን ሲያልቅ ነው። ያልበላነው ሥጋ ሁሉ በፋሲካ ዋዜማ ከነወለዱ ይመጣል። ባለፈው ፋሲካ ቅርጫ እንደማንገባ ሌሊቱን ሙሉ ተማከርን። ምክንያቱን ሳይቀር አዘጋጅተን ነበር፤ "ሐኪም ቀይ ሥጋ ከልክሎናል" ልንል። በማግሥቱ የቅርጫው አስተባባሪ መዝገቡን ይዞ ከበር ላይ፣ ሰፈሩ በሙሉ በሚሰማው ድምፅ፣ "እናንተንስ ስንት መደብ ልጻፍ?" አለ። እኔና ባለቤቴ ተያየን፤ በአንድ አፍ "አንድ!" አልን። ትንሽ ቆይታም እሷ "ሁለት ቢሆን አይሻልም?" አለች። ገንዘቡ ደመወዝ ሲወጣ ይከፈላል ተባለ። ከእኛ ጋር የገቡትን አንድ በአንድ ሳስታውስ ከበሬው ባለቤት በቀር በጥሬ ገንዘብ የተገበያየ ሰው አላገኘሁም።

የሠርጉ ግን ይበልጣል። ከጥምቀት እስከ ዐቢይ ጾም መግቢያ፣ ከዚያ ደግሞ ከፋሲካ በኋላ ያለው ጊዜ በቤታችን የቀን መቁጠሪያ ላይ በቀይ ሊከበብ የሚገባው ነው። የባለቤቴ አክስት ደወሉ።

"ልጄ፣ ጥበቡ ተመርጧል። ሽሮ ሜዳ ታዟል። ሴቶቹ በሙሉ አንድ ዓይነት ነው የሚለብሱት።"

"እትዬ፣ እኔ እኮ አምና ያሰፋሁት አለኝ፤ አንድ ቀን ብቻ ነው የለበስኩት።"

"እሱ አረንጓዴ ነው። የዘንድሮው ወርቃማ ነው። አንቺ ለብቻሽ አረንጓዴ ለብሰሽ ብትቆሚ ፎቶው ምን ይመስላል?"

ፎቶው ምን እንደሚመስል ማናችንም መገመት አልቻልንም፤ ስለዚህ ወርቃማው ተሰፋ። የልጆቹ የትምህርት ቤት ክፍያ ለአንድ ወር ዘገየ። ይህ ደግሞ ፎቶ ላይ አይወጣም።

ስለ ዕድር አላነሣም። ከሁሉም አበዳሪዎችና ሰብሳቢዎች መካከል አንድም ቀን ያላስቀየርነው እሱን ነው፤ ምክንያቱም ያልከፈለ ሰው ቤት ለቅሶ ቢደርስ ድንኳኑ አይመጣም፣ ድንኳን የሌለበትን ለቅሶ ደግሞ ሰፈሩ ሁሉ ያያል። ጳጉሜንም በአጭሩ ልለፋት። ቱሪስት በአሥራ ሦስት ወር ፀሐይ ይጋበዛል፤ ደመወዝ የሚከፈለው ለአሥራ ሁለቱ ነው። አምስት ቀን ምን አላት የሚል ካለ ከእንቁጣጣሽ በግ፣ ከደብተርና ከዩኒፎርም ጋር አንድ ላይ ትምጣበትና ያያታል።

ድሮ ብድር ፊት ይፈልግ ነበር። ተበዳሪው ይመጣል፣ የእያንዳንዱን ሰው ጤና ይጠይቃል፣ ስለ ዝናቡ ያወራል፣ ቡና ይፈላለታል፤ አቦሉንና ቶናውን አልፎ በረካው ላይ ሲደርስ ነው ጉዳዩን የሚያነሣው። አበዳሪውም እስከዚያ ድረስ ያላወቀ ይመስላል። በ2014 ክረምት ቴሌብር የብድር አገልግሎት ከጀመረ ወዲህ ግን ማንም ሰው ብርድ ልብሱን ተከናንቦ፣ ፊቱን ለማንም ሳያሳይ መበደር ይችላል። እንደ እኛ ላለ ቤት ይህ ትልቅ እፎይታ ነው። መጠኑ ትንሽ ነው፣ ቀኑም ቶሎ ይደርሳል፤ ግን ስልክ ለአክስት አይናገርም።

በዚህ ሁኔታ ወራት አለፉ። ዕዳው ትንሽ ጎደለ፣ ትንሽ ሞላ። ቁጠባችን ግን እንዴት እንደሆነ ሳናውቅ ታወቀ። የልጆቻችን ምሳ ዕቃ ውስጥ በየቀኑ ሽሮ መገኘቱ ይሁን፣ በአሮጌው አንሶላ በኩል ያየ ጎረቤት ይሁን እንጃ፤ ብቻ በሰፈሩ ወሬ ተነዛ። ወሬው ደግሞ ተቸገሩ የሚል አልነበረም። "እነሱ እኮ ኮንዶሚኒየም እየቆጠቡ ነው፣ በባንክ ብዙ አላቸው፣ ደብቀውን እንጂ" የሚል ነበር። ባለቤቴ መጀመሪያ ስትሰማ ተናደደች። ሁለተኛ ስትሰማ ዝም አለች። ሦስተኛ ጊዜ አንዲት ጎረቤት በግልጽ ስትጠይቃት "ኧረ ተይኝ፣ ትንሽ ትንሽ ነው" ብላ መለሰች።

እሑድ ከሰዓት በኋላ የአጎቴ ልጅ መጣ። የሁላችንንም ጤና ጠየቀ። ስለ ዝናቡ አወራ። ስኳሩ ወጣ፣ ፈንዲሻው ቀረበ። አቦሉን ጠጣ፣ ቶናውን ጠጣ፤ ባለቤቴ በረካውን ስትቀዳ እጇ ትንሽ ተንቀጠቀጠ።

"ጋሼ፣" አለኝ ስኒውን አስቀምጦ፣ "ዕቁቤ ሦስት ዙር አልፎኛል። ዳኛው ዋሴን ጠርተውታል። ሌላ የምሄድበት ሰው የለኝም፤ እናንተ ግን እግዚአብሔር ይመስገን..."

"እናንተ ግን" ያለውን ሊያስተካክል የሚችል ዓረፍተ ነገር ነበረኝ። አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ባለቤቴ ግን ቀድማኝ ተነሣችና "አንድ ጊዜ መጣሁ" ብላ ወደ መኝታ ቤት ገባች። በሩ ተዘጋ። የስልኩ ቁልፎች ድምፅ ተሰማኝ። ትንሽ ቆይታ ስትመለስ ፊቷ ረጋ ብሎ ነበር።

"ወዳንተ ስልክ ልኬልሃለሁ፤ ያለን ይኸው ነው፣ አትቀየመን" አለችው።

እሱም ተነሥቶ መርቆን፣ እስከ በር ሸኝተነው ሳለ ወደ እኔ ጠጋ ብሎ "ጋሼ፣ እናንተ ገንዘብ አያያዝ ታውቁበታላችሁ። አንድ ቀን መጥቼ ትመክሩኛላችሁ" አለኝ።

"ምን ችግር አለ!" አለች ባለቤቴ ከኋላዬ። "የሚቀጥለው እሑድ ከነባለቤትህ ለምሳ ኑ።"