ባቲስቱታ ዕድሜውን ፊዮረንቲና ላይ አባከነ?

ሰሞኑን ጨዋታ አይተን ከወጣን በኋላ ቡና ላይ ወሬው ዞሮ ዞሮ አርጀንቲናዊው አጥቂ ገብርኤል ባቲስቱታ ላይ አረፈ። የለኮሰው ከመሐላችን ወጣቱ ነው።

«እንደሱ ዓይነት አጥቂ የፍሎረንሱ ክለብ ፊዮረንቲና ውስጥ ዘጠኝ ዓመት ምን ይሠራል?» አለ። «ትልልቆቹ ክለቦች እየፈለጉት! ያገኘው አንድ የጣሊያን ዋንጫና አንድ ሱፐር ካፕ ነው። ዕድሜውን አባከነ።»

ጋሼ የምንላቸው ሰው ሲኒያቸውን አስቀመጡ።

«አንተ ልጅ፣ ይሄ ሰው እኮ ከአርጀንቲና ጋር ሁለት ጊዜ ኮፓ አሜሪካን፣ የደቡብ አሜሪካን ዋንጫ፣ የበላ ነው። በፈረንጆቹ 1993 ክለቡ ሲወርድ በሩ ክፍት ነበር። አልሄደም። ሁለተኛው ሊግ ሴሪ ቢ ወርዶ ተጫወተ፣ በዓመቱ ይዟቸው ተመለሰ። ከዚያስ? 26 ጎል አግብቶ የዋናው ሊግ የሴሪ አ ኮከብ ግብ አግቢ ሆነ። የውድድር ዓመቱን ሲጀምር አሥራ አንድ ጨዋታ በተከታታይ አግብቷል። ይሄ ማባከን ነው?»

«ጋሼ፣ እኔ መቼ ችሎታውን ካድኩ? በዓለም ዋንጫ በ1994 ግሪክ ላይ፣ በ1998 ጃማይካ ላይ ሐትሪክ የሠራ ሰው ነው። የሚያናድደኝም እሱ ነው።»

ሦስተኛው ወዳጃችን እስከዚያ ዝም ብሎ ያዳምጥ ነበር። «ታማኝ ታማኝ ትላላችሁ፣ መጨረሻ ላይ ሄዶ የለ እንዴ? በ2000 በ70 ቢሊዮን ሊሬ ሮማ ገባ። በመጀመሪያው ዓመት 20 ጎል አግብቶ ስኩዴቶውን፣ የሴሪ አን ዋንጫ፣ ወሰደ። ዋንጫ ከፈለገ ቀደም ብሎ መሄድ ነበረበት። ፍቅር ከሆነ ደግሞ እዚያው ይጨርስ ነበር።»

ይህቺ ነገር ጠረጴዛውን ለትንሽ ጊዜ ዝም አሰኘችው። ጋሼ ግን መልስ አላጡም። በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ ሮማ ከፊዮረንቲና የተጫወቱትን አነሱ። ጨዋታው ሊያልቅ ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው ባቲስቱታ ከሳጥኑ ውጪ ለጋት፣ መረቡ ውስጥ ገባች። ሮማ 1 ለ 0 አሸነፈ። ጓደኞቹ ላዩ ላይ ሲከመሩ እሱ አልጨፈረም፤ ዓይኑ እንባ ሞልቶ ነበር። «ለሄደበት ቤት የማያስብ ሰው እንዲህ ይሆናል?» አሉ።

እኔ ከጋሼ ጋር ነኝ። ምክንያቴ ግን እንባው አይደለም።

ወጣቱ የረሳው የ1998-99ን የውድድር ዓመት ነው። በትራፓቶኒ አሠልጣኝነት ፊዮረንቲና የመጀመሪያውን ዙር በአንደኝነት ነበር የጨረሰው። ባቲስቱታ ያገባ ነበር፣ ሊጉ እጃቸው ላይ ነበር። የካቲት 1999 ከሚላን ጋር ሲጫወቱ ጉልበቱን ተጎዳ። በዚያው ሰሞን አጣማሪው ኤድሙንዶ ሪዮ ካርኒቫል ሄደ። ከፊት የነበረው ኃይል ሳሳ። ፊዮረንቲና ሦስተኛ ሆኖ ጨረሰ፤ ዋንጫውን ሚላን ወሰደ። እንግዲህ ስኩዴቶው ፍሎረንስ ድረስ መጥቶ የተመለሰው በአንድ ጉልበት ምክንያት ነው። ያ ጉልበት ባይጎዳ ኖሮ ዛሬ የምንከራከረው ስለ ሌላ ነገር ነበር።

የከፈለውም ዋጋ አለ። በመርፌ ሕመሙን እያስታገሰ ተጫውቷል። ጫማ ከሰቀለ በኋላ ቁርጭምጭሚቱ እንዳልነበረ ሆነ። መጸዳጃ ቤቱ ሦስት ሜትር ርቀት ላይ ሆኖ እሱ ግን ሕመሙን ፈርቶ ከአልጋው መነሳት ያቅተው ነበር። ሐኪሙን እግሬን ቁረጥልኝ ብሎ እንደለመነ ራሱ ተናግሯል። ይህን ሁሉ የሰጠ ሰው ዋንጫው ተቆጥሮ አባከነ ሲባል ያመኛል።

የባከነ ነገር ካለ ያባከኑት የክለቡ ኃላፊዎች ናቸው። ለሴሪ አ ብቻ 152 ጎል ያገባላቸውን ሰው ይዘው ጉልበቱን ቢጎዳ እንኳ እሱን የሚመጥን ተተኪ አጥቂ አላዘጋጁም። እሱ በሄደ በሁለት ዓመቱ ክለቡ እንደገና ወረደ፣ በ2002 ደግሞ ከሠረ።