26 አሸንፎ 4ኛ የወጣ ቡድን
«በተከታታይ ብዙ ጨዋታ የሚያሸንፈው የዓመቱ ምርጥ ቡድን ብቻ ነው» የምትለዋ አባባል አልተዋጠችልኝም። በቤዝቦል የተከታታይ ድል ክብረ ወሰኑን የያዘው የ1916ቱ ኒውዮርክ ጃይንትስ እኮ ዓመቱን የጨረሰው 4ኛ ሆኖ ነው! (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው።) ሴፕቴምበር ላይ 26 ጨዋታ በተከታታይ አሸነፉ፤ ሁሉንም በሜዳቸው፣ በፖሎ ግራውንድስ። በዚያው ዓመት ሜይ ላይ ደግሞ ሌላ 17 ተከታታይ ድል ነበራቸው፤ የሚገርመው ያኛው ሁሉም ከሜዳቸው ውጪ ነው። እስቲ ደምሩት፦ 43። በዓመቱ ያሸነፉት በጠቅላላ 86 ነው። ልክ ግማሹ ከሁለት ሰሞን ብቻ መጣ ማለት ነው። በቀረው ጊዜ 43 አሸንፈው 66 ተሸንፈዋል። ይሄ ምርጥ ቡድን ነው? ሲነሳበት የሚነሳ ቡድን ነው እንጂ። የሊጉን ዋንጫ ብሩክሊን ወሰደው። «መሃል ላይ አቻ ስለወጡ 26ቱ አይቆጠርም፣ ክብረ ወሰኑ የክሊቭላንድ ቡድን 22 ነው» ለምትለው ወንድሜ፦ ግማሽ እውነት አለህ። ከ12 ድል በኋላ ከፒትስበርግ ጋር 1 ለ 1 እያሉ ዝናብ መጣና ጨዋታው ተቋረጠ። ግን ያኔ እንዲህ ያለው ጨዋታ እንደገና ነበር የሚደገመው። ድልም ሽንፈትም ተብሎ አይመዘገብም ነበር። እንዲያም ሆኖ ምረጥ ካላችሁኝ፣ ሳይቆራረጥ የመጣው የ2017ቱ የክሊቭላንድ 22 ይበልጥብኛል። እነሱም ቢሆኑ ያን ዓመት በጥሎ ማለፉ የኒውዮርኩን ያንኪስን በጨዋታ ብዛት 2 ለ 0 ሲመሩ ቆይተው 3 ለ 2 ተሸንፈው ነው ቤታቸው የገቡት።