ምስጋና ለማይነቃነቀው ሜኑ

ዌብሳይት ለሚያሠሩ ነጋዴዎቻችን እድሜ ይስጥልን። ደንበኛ መንገድ እንዳይጠፋበት ብለው ሜኑውን ስክሪኑ አናት ላይ ቸንክረውልናል። ወደ ታች ብንወርድም ወደ ላይ ብንወጣም ንቅንቅ አይልም። እንዲህ ያለ ታማኝ ከየት ይገኛል?

ለገጣፎ አንድ የግቢ በር የሚሠራ ብየዳ ቤት አለ። ሰፈሩን የሚያውቅ ያውቀዋል፤ እዚያ ቤቱ ሳይለሰን በሩ ይቆማል። ዌብሳይቱም በዚሁ መንፈስ ነው የተሠራው። በስልኬ ከፈትኩት። ከላይ ሎጎ፤ ከሥሩ «ዋና ገጽ፣ ስለ እኛ፣ ሥራዎቻችን፣ ዋጋ፣ ያግኙን»፤ ከዚያ ስልክ ቁጥር፤ ከዚያ ደግሞ «እንኳን ደህና መጡ» እያለ የሚሮጥ ጽሑፍ። ሁሉም እዚያው ተገትረዋል። ለማንበቢያ ሁለት መስመር ተርፎኛል። ምን አነሰኝ?

ባለሙያውም ምስጋና ይገባዋል። ሜኑውን መጀመሪያ ስቲኪ፣ ማለትም ገጹ ሲንሸራተት አናት ላይ ደርሶ የሚጣበቅ፣ አድርጎት ነበር አሉ። እምቢ አለው። ለካ ሜኑውን ያቀፈው ሳጥን ኦቨርፍሎው ሂደን፣ ማለትም «ከአንተ የተረፈውን ደብቅ»፣ ተብሏል፤ እንዲያ ሲሆን ስቲኪ ከገጹ ጋር አብሮ ይሄዳል እንጂ አይጣበቅም። ልጁ ግን በጥቃቅን ነገር ጊዜውን አላጠፋም። ዜድ ኢንዴክሱን 9999 አደረገው። ዜድ ኢንዴክስ ማን ከማን በላይ እንደሚደረብ እንጂ ማን እንደሚጣበቅ አይወስንም። ቢሆንም ቁጥሩ ግርማ ሞገስ አለው። በመጨረሻ ፊክስድ፣ ማለትም «ስክሪኑ ላይ ተቸንከር»፣ ብሎ ተገላገለ። ፊክስድ ሜኑውን ከገጹ ሰልፍ ያወጣዋል፤ ቦታ ስለማይያዝለት የገጹ መጀመሪያ ሥሩ ይገባል። ይግባ! መግቢያ የሚያነብ ማን አለ?

«ዋጋ» የሚለውን ነካሁ። ገጹ ተፈትልኮ ዋጋው ጋ ደረሰ። ርዕሱና የመጀመሪያው ረድፍ ግን ሜኑው ሥር ተሸሸጉ። ስክሮል ፓዲንግ ቶፕ የምትባል አንዲት የሲኤስኤስ (የገጹን መልክ የሚወስነው ኮድ) መስመር በሜኑው ቁመት ልክ ብትጻፍ ይህ ባልመጣ ነበር። ግን «ዋጋ በኢንቦክስ» በሚባልበት አገር ዋጋ መሸፈን ምኑ ነውር ነው? እንዲያውም ጨዋነት ነው።

ሰፋ እንዲልልኝ ስልኩን አጋደምኩት። አሁን ስክሪኑ በሙሉ ሜኑ ሆነ። ደግነቱ ስልክ ቁጥሩ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ደወልኩ።

«የበሩ ዋጋ ስንት ነው?»

«ወንድሜ፣ ዌብሳይታችን ላይ አለልህ እኮ!»