ክርስትና የተነሳ ድስት

እህቴ ስድስት ዓመት ዐረብ ሀገር ሠርታ ደብረ ብርሃን የገባችው ሁለት ሻንጣ ይዛ ነው። አንደኛው የልብስ ነው። ሁለተኛውን እኔና አባዬ ለሁለት ተጋግዘን ከባጃጅ ስናወርድ አባዬ ወገቡን ይዞ «ወፍጮ ነው እንዴ የጫነችው?» አለ። ብዙም አልተሳሳተም። መፍጫ አለ፣ መጭመቂያ አለ፣ በነፋስ የሚጠብስ ኤር ፍራየር የሚሉት አለ፣ የሚያፏጭ ድስት አለ። የተቀቀለ ዕንቁላል በቀጫጭን ሽቦ የሚቆራርጥ ትንሽ ነገርም አለ። እማዬ ይሄኛውን አንስታ ሽቦዎቹን በጣቷ መታ መታ አደረገቻቸውና «ቅኝቱ ወርዷል» ብላ መልሳ አስቀመጠችው።

ዕቃው ሁሉ መደብ ላይ ከተደረደረ በኋላ ዋጋውን አልጠየቀችም፤ እንዴት እንደሚሠራም አልጠየቀችም።

«የጾም ነው የፍስክ?» አለች።

ሰሜን ሸዋ ያደገ ሰው ጥያቄው ይገባዋል። ዶሮ የተሠራበት ድስት በሁዳዴ ሽሮ አይጣድበትም። የዓመቱን ግማሽ በሚጾም ቤት ውስጥ ወገኑ ያልታወቀ ድስት ማለት ዘሩ ያልተጠየቀ አማች ማለት ነው።

«እማዬ፣ ማሽን እኮ ነው!»

«ማሽንም ቢሆን ክርስትና ይነሳ።»

የወሩ ሚካኤል ዕለት የነፍስ አባታችን ብቅ ሲሉ ጉዳዩ ቀረበላቸው። እህቴ ድንች ከትፋ፣ ጨው ነስንሳ፣ ነፋሱ ማሽን ውስጥ ከተተችው። ሲወጣ ወርቅ መስሏል። አባ አንድ አንስተው ቀመሱና ጣታቸውን አገላብጠው አዩት።

«ዘይቱስ?»

«ዘይት የለውም አባታችን። በነፋስ ነው የሚበስለው።»

«በነፋስ!» አሉ፤ ሁለተኛም አነሱ፤ ሦስተኛም። ፍርዱን እየጠበቅን ሳለ እህቴ ቀጣዩን ዙር አስገባች፤ መብራት ሄደ። ቁጥሩ አራት ደቂቃ ላይ ሲደርስ ማሽኑ ጭጭ አለ። አባ መስቀላቸውን ሰብስበው ብድግ አሉና «በቃ፣ ነፋሱም ጾመ» ብለው ወጡ። እማዬ ይህን እንደ ብያኔ ወሰደችው። ማሽኑ በጾም ወገን ተመዘገበ።

ሸዋ ውስጥ ማሽን ሲመጣ ካህን መጥራት በእማዬ አልተጀመረም። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን አንድ የውጭ ሰው የውሃ ወፍጮ ቢሠራ ቀሳውስቱ የሰይጣን ሥራ ነው ብለው እንዳስቆሙት አንኮበር ድረስ የዘለቁ የአውሮፓ ተጓዦች ጽፈዋል። ያስቆሙት ሰዎች፣ እንደምገምተው፣ አንድም ቀን መጅ ጨብጠው አያውቁም። ሴቶቹ ተጠይቀው ቢሆን ኖሮ ሰይጣኑን ጠበል ረጭተው ማስፈጨታቸውን ይቀጥሉ ነበር።

ወደሚያፏጨው ድስት ልመለስ፤ የቤታችንን ታሪክ የለወጠው እሱ ነውና።

ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,800 ሜትር ከፍ ብላ የተቀመጠች ናት። እዚህ ውሃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ አይደለም፤ ወደ 90 ገደማ ሲደርስ ይንተከተካል። እንፋሎቱን እያየህ ፈላ ትላለህ፣ ባቄላው ግን ገና አልሰማም። እማዬ ለንፍሮ ጠዋት ጥዳ ከሰዓት የምታወጣው ሰነፍ ሆና አይደለም፤ ተራራው ነው። ዴኒ ፓፓን የሚባል ፈረንሳዊ በፈረንጆቹ 1679 ክዳኑ ጥርቅም ብሎ የሚዘጋ ድስት ሠራ። እንፋሎቱ መውጫ ሲያጣ ውሃውን ይጫነዋል፣ የተጫነው ውሃ ከ100 ዲግሪም አልፎ ይሞቃል፣ አጥንት ሳይቀር ይለሰልሳል። ሰውየው ደብረ ብርሃንን አያውቅም እንጂ ለእኛ የሠራልን ነው የሚመስለው። እህቴ ይህን ሁሉ ለእማዬ አስረዳች።

«ታዲያ አያቶችሽ ጥሬ ሲበሉ ነው የኖሩት?» አለች እማዬ።

የመጀመሪያው ፉጨት የወጣው ከመሸ በኋላ መሆኑ ነገሩን አበላሸው። ማታ ማፏጨት ሰይጣን ይጠራል። እማዬ «በስመ አብ!» ብላ ነጠላዋን ይዛ ወጣች፣ አባዬ ዱላውን ይዞ ገባ፣ ጎረቤታችን እማማ በአጥር ላይ ብቅ ብለው «እናንተ ቤት ማነው በዚህ ሰዓት የሚያፏጨው? ልጁ ነው?» ሲሉ እኔን አዩኝ። እስከ ዛሬ ሙሉ በሙሉ አልተማመንንም።

ከግማሽ ሰዓት በኋላ ባቄላው ጣት ላይ ፈረሰ። እማዬ ቀመሰች። ዝም። ደግማ ቀመሰች። «በስሏል» አለች። ይህ ከእማዬ አፍ ሲወጣ ሽልማት ነው፤ የአባዬን ሰርግ እንኳን «አልፏል» ነው የምትለው።

ድስቱ ያተረፈልንን ጊዜ የት እንዳደረስነው ለሚጠይቅ፦ በማግስቱ ቡና ተፈላ፣ ጎረቤት ተጠራ፣ ቆሎ ተቆላ፤ ሁሉም ክብ ሠርቶ ተቀምጦ ድስቱ እስኪያፏጭ ጠበቀ። በሳምንቱ ሌላ ሰፈር ተሰማ። በወሩ ደግሞ ድስቱ ስም ወጣለት፤ «ፉጪት»። አሁን ጎረቤት «ፉጪትን አውሱኝ» ሲል እማዬ «ዛሬ ደክሟታል» ትላለች።

ሌሎቹ ዕድላቸው እንዲህ አልሆነም። ነፋሱ ማሽን ሳሎን ገብቶ፣ ዳንቴል ለብሶ፣ ከቴሌቪዥኑ አጠገብ ተቀምጧል፤ ሆዱ ውስጥ የአባዬ የመሬት ግብር ደረሰኝ አለ። መፍጫው ቃሪያ ከነጭ ሽንኩርት ጋር አንዴ ፈጭቶ እማዬ «ደቀቀ እንጂ መች ተወቀጠ» ስላለችው ወደ ካርቶኑ ተመልሷል። ቤታችን የምር የሚሠራው መሣሪያ አሁንም የመንዝ ባና ነው። ኅዳርና ታኅሣሥ ውርጩ ሲመጣ ሊጥ አልቦካ ይላል። ያን ጊዜ እማዬ የአባዬን የሱፍ ባና ገፍፋ ቡሃቃውን ትሸፍንበታለች። ሊጡ ይሞቀዋል፣ አባዬ ይንቀጠቀጣል። እንጀራው ዐይኑ አምሮ ሲወጣ ማን ዋጋ እንደከፈለበት የምናውቀው ከሳሉ ነው።

እህቴ ግን ዕቃ ብቻ አልነበረም ያመጣችው፤ ምግብም አምጥታለች። አንድ ቀን ሽንብራ ቀቅላ፣ አድቅቃ፣ የሰሊጥ ቅባትና ሎሚ ጨምራ ሁሙስ አቀረበች። እማዬ በእንጀራ ጠቅሳ ቀመሰችና «ቡጥጫ ነው። ቃሪያውን ማን በላው?» አለች። ልክ ናት፤ ሁለቱም ከሽንብራ የተወለዱ የአክስት ልጆች ናቸው፣ አንዷ ዱቄት ሆና አንዷ ተቀቅላ ነው የመጣችው። በሌላ ቀን እህቴ አዲስ አበባ ወርዳ በቆርቆሮ የታሸገ አጃ ገዝታ መጣች፤ ለጤና ነው፣ ጠዋት ጠዋት ይበላል። አባዬ ቆርቆሮውን ሦስት ጊዜ አዙሮ ሥዕሉን አየ። ዋጋውን ሲሰማ ተቀመጠ። «አባቴ ይህን ለበቅሎው ነበር የሚሰጠው» አለ፤ ትንሽ ቆይቶ ደግሞ «ለነገሩ በቅሎዋ ጤነኛ ነበረች» ብሎ ማንኪያ ጠየቀ። እማዬ ግን አጃውን አጥሚት አድርጋ ለአራስ ጎረቤት ላከችው።

ካብሳ የሚባለው ሩዝ በሥጋ ሲመጣ ነው ጠብ የተነሳው። እማዬ እህቴ ዞር ባለችበት በርበሬ ጨመረችበት።

«እማዬ! የሰው ምግብ እንዳለ ነው የሚበላው!»

«የሰው ምግብ የሰው ቤት ነው። እኔ ቤት ከገባ በርበሬ ይነካዋል።»

እዚህ ላይ ለእህቴ ልፈርድላት አልቻልኩም። በርበሬው ራሱ መጤ ነው። ዝርያው ከአሜሪካ ነው የመጣው፤ ኮሎምበስ በ1492 ሳይሻገር በፊት በእኛ በኩል የቀመሰው የለም። የደብረ ብርሃን ሰው «የእኛ» እያለ የሚምልበትን ድንችም በፈረንጆቹ 1858 ሺምፐር የተባለ ጀርመናዊ የዕፅዋት ሊቅ እንዳስገባው ነው የሚነገረው። ፓስታውም አለ። እነ ራስ አበበ አረጋይ በመንዝና በተጉለት ገደል ጣሊያንን አምስት ዓመት እንቅልፍ ነስተው አስወጡት፤ ፓስታው ግን ቀርቶ፣ ቀይ ወጥ ለብሶ፣ እንጀራ ላይ ተኝቶ ዜግነት አገኘ። ማን ያስወጣዋል? በጾም ቀን የሚመግበን እሱ ነው።

እህቴ በአራተኛው ወር ተመልሳ ሄደች። ሻንጣዋ ባዶ መስሏት ነበር። እማዬ ሽሮ፣ በርበሬ፣ በሶና የደብረ ሲና ቆሎ ሞልታበት ሚዛን ላይ ሲወጣ ከመምጫውም ከበደ። ጫማዋን አስቀርታ በርበሬውን ይዛ ሄደች።

ባለፈው እሑድ ደወለች። ማዳሟ በርበሬውን ቀምሳ አንድ ሰዓት ውሃ እንደጠጣች፣ በማግስቱ ግን ራሷ መጥታ «ያ ቀዩ የታለ?» እንዳለች ነገረችን። አሁን ካብሳው ያለሱ አይቀርብም። እማዬ በኩራት ነጠላዋን አስተካክላ «አንቺ፣ ቁሌቱን ሳታበስይ እንዳትጨምሪው!» እያለች ስትመክር ድንገት ፉጨት ተሰማ። እማዬ ስልኩን እኔ ላይ ወርውራ «ፉጪት ልታርር ነው!» ብላ ወደ ኩሽና ሮጠች።

ፉጪት ታጥባ መደርደሪያው ላይ ተደፍታለች። ያፏጨው ስልኩ ውስጥ ነው።