«ብርሃን ቢበዛ ምን ይጎዳል?» ለሚሉን

ሰሞኑን አንድ የመኪና ባለሙያ ሬዲዮ ላይ ቀርቦ የአድማጮችን ጥያቄ ሲመልስ ሰማሁ። አንድ ሹፌር ደወለ። «ማታ ስነዳ ከፊት የሚመጡት ሁሉ ረጅም መብራት ያበራሁ እየመሰላቸው ብልጭ ያደርጉብኛል። እኔ ግን ያበራሁት አጭር ነው። ምን ላድርግ?» አለ። ባለሙያው ሳቅ አለና «ተዋቸው፣ ዓይናቸውን ይታዩ። ብርሃን ቢበዛ ምን ይጎዳል?» ብሎ ወደ ሌላ ደዋይ አለፈ።

እኔ ግን ማለፍ አቃተኝ። ይህ ምክር ሰው ይገድላል። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚነዳ ሰው በአንድ ሰከንድ 22 ሜትር ይሄዳል። መብራት ዓይኑን ወግቶት ሁለት ሰከንድ ብዥ ቢልበት፣ 44 ሜትር መንገድ በጭፍን ነዳ ማለት ነው። በዚያ 44 ሜትር ውስጥ የሚሻገር ሰው ይኖራል፣ መብራት የሌለው ብስክሌት ይኖራል፣ የቆመ የጭነት መኪና ይኖራል። ታዲያ «ምን ይጎዳል?» ምን የሚሉት ጥያቄ ነው?

ደግሞስ የማን ዓይን ነው የሚታየው? ዕድሜ ሲገፋና የዓይን ሞራ ሲጀምር ብርሃን ይበልጥ ያስቸግራል፤ አልክድም። የፊት መስታወት ከውስጥ በኩል ቆሻሻ ሲይዝም ብርሃኑን ይበትነዋል። ደዋዩ ግን የጠየቀው ስለ ራሱ መኪና ነው። መንገድ ላይ የሚያገኛቸው ሁሉ ብልጭ ካደረጉበት የታመመው መኪናው ነው። የታመመ መኪና ደግሞ ይመረመራል እንጂ «ተዋቸው» አይባልም።

ሽንጤን ገትሬ የምከራከርበት ነገር አለ። አብዛኛውን ጊዜ «በጣም ደማቅ» የምንለው መብራት ችግሩ ድምቀቱ ሳይሆን የሚያይበት አቅጣጫ ነው። አጭር መብራት ከላይ በኩል ወሰን አለው። ከወሰኑ በታች ብርሃን፣ ከበላዩ ጨለማ። ብዙውን ጊዜ የሚስተካከለው ወሰኑ በ10 ሜትር ርቀት ላይ ከመብራቱ መሃል 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ዝቅ እንዲል ተደርጎ ነው። መብራቱ አንድ ዲግሪ ብቻ ቀና ቢል 50 ሜትር ላይ ብርሃኑ 87 ሴንቲ ሜትር ከፍ ይላል። አንዲት ዲግሪ! መብራቱን እያዩ አይለዩትም። አስፋልት ላይ ማረፍ የነበረበት ብርሃን ግን ከፊት የሚመጣው ሰው ላይ ይወጣል።

ባለፈው ወር የጓደኛዬን መኪና ግድግዳ ፊት አቆምነው። እሱም ሰው ሁሉ ብልጭ እያደረገበት ተቸግሮ ነበር። አምፖል ሻጩ «ደከም ያለ አምፖል ግዛ» ብሎታል። መሬቱ ደልዳላ ነው፣ ጎማው በልኩ ተነፍቷል። 10 ሜትር ለካን፣ ግድግዳው ላይ ፕላስተር ለጠፍን፣ አጭር መብራት አበራን። የግራው ወሰን በማስመሪያ የተሰመረ ይመስላል። የቀኙ ግን ወሰን የሚባል ነገር የለውም። ብርሃኑ እስከ ጣሪያው ክፈፍ ወጥቶ ተበትኗል። ኮፈኑን ከፍተን እጄን ከመብራቱ ኋላ ሰደድኩ። የአምፖሉ አንደኛው ጥርስ ከቦታው ወጥቷል። የቀየረው ሰው በደንብ አላስገባውም፤ ክሊፑን በጠማማው ላይ ጫን አድርጎ ዘግቶታል። አውጥተን በትክክል መለስነው። ክሊፑ ቀጭ አለ። ወሰኑ ወዲያው ወረደ። ምንም አልገዛንም።

ከኋላ ከባድ ዕቃ ሲጫንም የመኪናው አፍንጫ ቀና ይላል። ብዙ መኪና ላይ ከመሪው አጠገብ ከ0 እስከ 3 የተጻፈበት ትንሽ የመብራት ከፍታ ማስተካከያ ያለው ለዚህ ነው። ስንቱ ሹፌር ነክቶት ያውቃል? ሞላ አስቀይሮ መኪናውን ከፍ ያስደረገ ሰውም መብራቱን ዝቅ ማስደረግ አለበት። በግራ ለሚነዳበት አገር የተሠራ መኪና በቀኝ ወደሚነዳበት ሲገባ ደግሞ ሌላ ጣጣ ይመጣል። የአጭር መብራት ወሰን እግረኛና ምልክት እንዲያሳይ በመንገዱ ዳር በኩል ከፍ ይላል። አገሩ ሲቀየር ያ ከፍ ያለው ጎን በቀጥታ ከፊት ወደሚመጣው ሰው ይዞራል። መብራቱ ላይ ማዞሪያ ካልተሠራለት ካቻቢቴ አያድነውም፤ መብራቱ ራሱ ይቀየራል።

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ግን ለሃሎጅን፣ ማለትም ሽቦው ግሎ ለሚያበራው አምፖል፣ በተሠራ መብራት ቤት ውስጥ የሚሰካው ኤልኢዲ ነው። ኤች4 በሚባለው ሃሎጅን አምፖል ውስጥ ከአጭሩ ሽቦ ሥር ትንሽ የብረት ጽዋ አለች። ብርሃኑ ወደ ላይ እንዳይረጭ የምትከልለው እሷ ናት። አንጸባራቂው ሳህን የተቀረጸውም ሽቦው ያለበትን ቦታ በሚሊ ሜትር ጠብቆ ነው። ኤልኢዲው ያንን ቦታ ካልጠበቀ ብርሃኑ እንደፈለገ ይበተናል። ጀርመን በ2020 እንዲህ ያለ አምፖል ስትፈቅድ እንኳ ለተፈተነ አምፖልና በስም ለተዘረዘሩ ሞዴሎች ብቻ ነው። ሻጩ ግን መኪናውን ሳያይ ይሸጣል። ያውም 6000 ኬልቪን እያለ፤ ኬልቪን የብርሃን ቀለም መለኪያ ነው፣ ቁጥሩ ሲጨምር ብርሃኑ ወደ ሰማያዊ ያደላል፤ ሃሎጅን 3200 አካባቢ ነው። ሰማያዊ የበዛበት ነጭ ብርሃን በእኩል ጉልበት እንኳ ዓይንን የበለጠ ይረብሻል።

«ቢጫ መነጽር አድርጉ» የሚሉም አሉ። በ2019 አሜሪካ ውስጥ የታተመ ጥናት ማታ እግረኛ ለማየት አይረዳም ብሏል። በቃ።

ብርሃኑ እውነት የሚበዛበትም ጊዜ አለ። ነዳጅ ሲረገጥ መብራቱ አብሮ ከደመቀና አምፖል ቶሎ ቶሎ ከተቃጠለ፣ ሞተር ተነስቶ ባትሪው በቴስተር ይለካ። 14 ቮልት አካባቢ ከሆነ ደህና ነው። 15ን ካለፈ የዳይናሞው ሬጉሌተር፣ ማለትም ቮልቱን የሚቆጣጠረው ክፍል፣ ይታይ። ቮልቱ በ10 በመቶ ሲጨምር የሃሎጅን ብርሃን ከሲሶ በላይ ይጨምራል። ያኔ አምፖል ብቻ መቀየር ገንዘብ መጣል ነው፤ ባትሪውም አብሮ ይጎዳል።

ይህን ሁሉ በአየር ላይ መናገር ከሁለት ደቂቃ አይበልጥም ነበር። «ዳሽቦርድህ ላይ ሰማያዊዋ የረጅም መብራት ምልክት በርታ እንዳትቀር እያት፣ ከዚያ መኪናህን ግድግዳ ፊት አቁም» ማለት ብቻ እንኳ ይበቃ ነበር። ያ ደዋይ ዛሬ ማታም ያንኑ መብራት አብርቶ ይወጣል፤ ባለሙያ ነግሮታላ። በሚቀጥለው ፕሮግራም ያው ባለሙያ በዚያው ማይክ ቀርቦ ተሳስቼ ነበር ይበለው።