የሰው ወርቅና የራስ ጠመኔ

የክርክሩ ጭብጥ፦ «በትምህርት እኩልነትና አካቶ ያለ ዓለም አቀፍ የገንዘብ ትብብር አይመጣም።» አካቶ ማለት አካል ጉዳተኛው ልጅ ከሌሎቹ ጋር አብሮ መማሩ ነው። የደገፉት በኮምቦልቻ የአንድ መጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት የልዩ ፍላጎት መምህርት ናቸው፤ የተቃወሙት ደሴ የሚኖሩ፣ በጡረታ የተገለሉ ርዕሰ መምህር።

ደጋፊ

ነገሩን ከሩቅ አላመጣውም። ክፍሌ ውስጥ ዓይነ ስውራን ልጆች አሉ። የሚጽፉት ፐርኪንስ በተባለው የብሬል፣ ማለትም በጣት እየተዳሰሰ የሚነበብ የነጥብ ጽሕፈት ማሽን ነው፤ ለስድስቱ ነጥቦች ስድስት ቁልፍ ያለው፣ ሕፃን ብቻውን ተሸክሞ የማይዞረው ከባድ ብረት። ይህ ማሽን በወረዳ በጀት አልተገዛም። የወረዳ የትምህርት በጀት ደመወዝ ከፍሎ ሲጨርስ ምን እንደሚተርፈው የሚያውቅ ያውቀዋል። ማሽኑ የመጣው በ2010 ዓ.ም. በጸደቀው፣ ፍትሐዊነትን በስሙ ላይ ባስቀመጠው የአጠቃላይ ትምህርት ጥራት ማሻሻያ ፕሮግራም ነው፤ የዓለም ባንክ፣ የእንግሊዝ፣ የፊንላንድ፣ የኖርዌይና የሌሎችም ገንዘብ የገባበት ነው።

ከዚያ በፊትስ? የሳይንቷ ልጅ የትነበርሽ ንጉሤ በአምስት ዓመቷ የዓይኗን ብርሃን ስታጣ፣ ለመማር ከወሎ ተነሥታ ሻሸመኔ ድረስ፣ ካቶሊኮች ወደሚያስተዳድሩት የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት መሄድ ነበረባት። እሷ የሕግ ባለሙያ ሆነች፤ እ.ኤ.አ. በ2017 «አማራጭ ኖቤል» የሚባለውን ሽልማት ወሰደች። ሻሸመኔ ያልደረሱትን ግን ማን ቆጠራቸው?

መንግሥት ስላልጣረ ነው የሚለኝ ይኖራል። በግንቦት 2007 ዓ.ም. በደቡብ ኮሪያዋ ኢንቼዮን በተደረገው የትምህርት ጉባኤ ላይ ሀገራት ከመንግሥት ወጪ ከ15 እስከ 20 በመቶ ለትምህርት እንዲመደብ ሲስማሙ፣ ኢትዮጵያ ያንን መጠን አስቀድማ ደርሳበት ነበር። የድሃ ቤት 20 በመቶ ግን ያው የድሃ ነው።

ተቃዋሚ

የሰው ወርቅ አያደምቅ። ይህ ትብብር የሚሉት ነገር ቃል ሲገባ እንጂ ቃል ሲጠበቅ አይታይም። ሀብታሞቹ ሀገራት ከብሔራዊ ገቢያቸው 0.7 በመቶውን ለድሆች እንዲሰጡ በተባበሩት መንግሥታት የተወሰነው እ.ኤ.አ. በ1970 ነው። የደረሱበት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። እንግሊዝ ደርሳበት ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2021 ወደ 0.5 አወረደችው፣ በ2027 ደግሞ ወደ 0.3 እንደምታወርደው አስታውቃለች። የአሜሪካው ተራድኦ ድርጅት ሥራ በጥር 2017 ዓ.ም. በአንድ ፊርማ ቆመ፤ ሰኔ ላይ በሩም ተዘጋ። የልጅ ትምህርት በዚህ ላይ ይመሠረታል?

ገንዘቡ ሲመጣም ብቻውን አይመጣም። በዓለም ባንክ የታገዘው፣ የሀገሪቱን ትምህርት ለመለወጥ የተጠናው የትምህርት ሴክተር ሪቪው በየካቲት 1966 ዓ.ም. መምህራንን አድማ ያስመታው ለምን ነበር? «የድሃን ልጅ ከታችኛው ክፍል ሊያስቀረው ነው» የሚል ስጋት ስላሳደረ ነው። የጥራት ፕሮግራሙንም የመጀመሪያውን ዙር በ2001 ዓ.ም. ጀመራችሁ። በእሱ ዘመን ፊደል የቆጠሩት ልጆች አድገው የ2014ን የ12ኛ ክፍል ፈተና ሲወስዱ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ሆኑ፤ በ2015 ደግሞ 3.2።

ለማስተማር ጠመኔና ቅን መምህር ይበቃል። የጎደለውን ቅሬያችን፣ የሰፈር እድራችን፣ ይሞላዋል፤ በ«ትምህርት ለትውልድ» ንቅናቄ ሕዝቡ በገዛ ኪሱ ትምህርት ቤት ሲያድስ አይተናል። በሆቴል አዳራሽ አበል እየተቀበሉ ስለ አካቶ መሠልጠን ግን ለልጁ ምን እንደጨመረለት የሚነግረኝ አላገኘሁም።

ደጋፊ

ጠመኔ! ጋሼ፣ ለዓይነ ስውር ልጅ ጠመኔ ምኑ ነው? ሰሌዳው ላይ ሲንጫጫ የሚሰማው ድምፅ ነው? መስማት ለተሳነው ልጅስ፣ ያ ቅን መምህር ጀርባውን ሰጥቶ እየጻፈ ሲያብራራ ከቅንነቱ የቱ ይደርሰዋል? ጠመኔ ይበቃል ያሉት ለሚያየውና ለሚሰማው ልጅ ነው። እርስዎ በመሩት ትምህርት ቤት ስንት ዓይነ ስውር ተማሪ እንደነበረ ይንገሩን። «አልመጡም» እንዳይሉኝ ብቻ፤ ለምን እንዳልመጡ ነው የምንከራከረው።

የቅሬው ነገር ይባስ። የደሴ ፒያሳ ነጋዴና የወግዲ ገበሬ እኩል ያዋጣሉ? መዋጮ ማለት የሞላለት ሰፈር ትምህርት ቤቱን ቀለም ሲቀባ ያልሞላለት በዳስ የሚማርበት ሥርዓት ነው። እኩልነት ብለን የተነሣነው ይህን ለማጥፋት ይመስለኝ ነበር።

የሆቴሉን አዳራሽ በተመለከተ፦ እኔ እዚያ ተቀምጬ የተማርሁት ብሬል ማንበብ ነው። የአበሉን ልክ ቢያውቁት ደግሞ ባልቀኑ ነበር።

ተቃዋሚ

ጡረተኛን በአበል ቀንቷል ብሎ መጠርጠር በእኛ ዘመን ነውር ነበር። ይሁን፣ አልፈዋለሁ።

አራት ነገር ጻፍሁ፦ የ0.7ቱን ቃል፣ የአሜሪካንን መዝጋት፣ የ1966ቱን ሪቪውና የፈተናውን ውጤት። መልስ የተሰጠበት አንድም የለም፤ እኅቴ አንዲት ጠመኔ ይዘው ይሮጣሉ። ጠመኔ ያልሁት ለምሳሌ እንደሆነ አንባቢ አይጠፋውም። ደግሞስ ዓይነ ስውርን ማስተማር ፈረንጅ ያመጣልን ጥበብ ነው? ዓይኑ ሳያይ ቅኔ የሚዘርፍ የቆሎ ተማሪ፣ ቁርኣንን ከዳር እስከ ዳር በቃሉ የያዘ ሐፊዝ ወሎ ውስጥ ብርቅ አይደለም። ለእነሱ ማሽን ማን ላከላቸው?

በማሽኑ ከመጡ ዘንድ አንድ ጥያቄ ልጠይቅ። ዛሬ የት ነው ያለው? ይሠራል?

ደጋፊ

ይሠራል። ያለው ንብረት ክፍል ነው፤ የብረት ቁም ሣጥን ውስጥ፣ አሮጌ የፈተና ወረቀት ተቆልሎበት። ሰኞ ጠዋት ለማውጣት የንብረት ወጪ ቅጹን፣ ሞዴል 22ን፣ እፈርማለሁ፤ ዓርብ ቆጥሬ እመልሳለሁ። የንብረት ክፍሉ ሠራተኛ ስብሰባ የሄደ ዕለት ልጆቹ አይጽፉም፤ እጃቸውን አጣጥፈው ሌሎቹ ሲጽፉ ያዳምጣሉ። ርዕሰ መምህሩን ክፍል ውስጥ ይቀመጥልኝ ብላቸው «ከተሰበረ ዕዳው የእኔ ነው» አሉኝ። እንግዲህ የቆለፈው የዓለም ባንክ አይደለም፤ የእርስዎ ሙያ ባልደረባ ነው።

ሐፊዙንም ባለቅኔውንም አከብራለሁ። የስምንተኛ ክፍል የሒሳብ ፈተና ግን በቃል ተይዞ አይሠራም። ጠመኔዎንም እስካሁን አላነሡልኝም።

ተቃዋሚ

ርዕሰ መምህርን መክሰስ ቀላል ነው፤ ወንበሩ ላይ ያልተቀመጠ ሁሉ ያደርገዋል። በጥቅምትና በኅዳር 2014 ዓ.ም. ደሴም ኮምቦልቻም በተያዙ ጊዜ ከትምህርት ቤቶች ስንት ንብረት እንደወጣ ኮምቦልቻ ላይ ሆነው አላዩም? ነገሩ በርዶ ኦዲተር ሲመጣ የተጠየቀው ዘራፊው አይደለም፤ በንብረት ገቢ ደረሰኙ፣ ሞዴል 19 ላይ ስሙ ያለበት ሰው ነው። ያ ሰው ቢቆልፍ ይፈረድበታል?

ለጋሹ አንድ ጊዜ አስረክቦ፣ ፎቶ ተነሥቶ ይሄዳል። ንብረቱ በስሙ የተመዘገበበት ርዕሰ መምህር ግን ጡረታ ሲወጣ እንኳ ክሊራንስ ለማግኘት ደጅ ይጠናል። መለዋወጫውስ? ለማሽኑ የሚሆነው ወፍራም ወረቀት ሲያልቅ ከየትኛው የበጀት መደብ ይገዛል? ይህን የኢንቼዮኑ ጉባኤ አስቦበታል?

ደጋፊ

ወረቀቱማ አልቋል። ዘንድሮ ልጆቹ የሚጽፉት ባንኮች በሚያድሉት የግድግዳ ካላንደር ላይ ነው፤ ወፍራም ስለሆነ ነጥቡን ይይዛል፣ ሲዳሰስ ግን አንዳንዱ ገጽ ይንሸራተታል። መደብ የለውም ብለው አሁን የነገሩኝ እርስዎ ነዎት፤ መደብ ከሌለው ከውጭ ሌላ ከወዴት ይምጣ? ገንዘቡ ቶሎ መቋረጡ ለእኔ ተጨማሪ የመጠየቂያ ምክንያት ነው፤ እርስዎ ግን ከእነጭራሹ አይምጣ ይላሉ።

ተቃዋሚ

አይምጣ ያልሁበትን መስመር ያሳዩኝ። ይምጣ፤ ነገር ግን በትምህርት ቤቱ የባንክ ሒሳብ ይግባ፣ ወላጅና መምህር ተሰብስቦ ይዘዝበት፣ ወረቀትና ጥገናም አብሮ ይታሰብ። ማሽን ልኮ ወረቀት መንሳት ትብብር አይባልም።

ካላንደሩን በተመለከተ የቅሬያችን አባላት ቤት የተሰቀለውን አሰባስቤ እልካለሁ። ይህን ግን እንደ መሸነፍ እንዳይጽፉብኝ። የ0.7ቱ ጥያቄ እንዳለ ነው።

ደጋፊ

«የሰው ወርቅ አያደምቅ» የሚለው መስመር የማን ነበር? ካላንደሩን ጳጉሜን ላይ ይላኩልኝ፤ አዲሱ ስለሚታደል ለአሮጌው የሚሳሳ የለም። በርዕሰ መምህሩ በኩል እንዳይልኩት ብቻ፤ ሞዴል 19 ተቆርጦለት ቁም ሣጥን ይገባል።